መኪና በቅጡ የማይገባበት መንደር ውስጥ ሁለት መማሪያ ክፍል እንዴት ይሠራል፦ ከአፈሩ እስከ ቆርቆሮው

ከአስፋልት ርቆ ያለ መንደር ውስጥ መማሪያ ክፍል ልትሠሩ ካሰባችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከተማ ውስጥ ብዙ ቤት ሠርቻለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው እዚ ላይ ነው የሚሸወደው። ከተማ ላይ ሲሚንቶ ቢያልቅ ስልክ ይደወላል፣ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። እዛ ግን አንድ ኪሎ ሚስማር ተረሳ ማለት ሥራው ሁለት ቀን ቆመ ማለት ነው፣ ግንበኛው ደግሞ ቁጭ ብሎም ይበላል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ምኑን አስጭነን እናመጣለን፣ ምኑን እዛው ቆፍረን እናወጣለን? የኔ መልስ አጭር ነው፣ የሚጫነው ሲሚንቶ፣ ፌሮ እና ቆርቆሮ ብቻ ይሁን፣ እነሱም ለፋውንዴሽን፣ ለወለል፣ ለማሰሪያ ቢም (ግድግዳውን ዙሪያውን ለሚያስረው ኮንክሪት) እና ለጣሪያ ይዋሉ፣ ግድግዳው ከትንሽ ሲሚንቶ በቀር ከራሱ ከመንደሩ አፈር ይውጣ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ የተጻፈ ነው፣ ልኩም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች፣ እያንዳንዱ ውስጡ 7 በ 8 ሜትር፣ 56 ካሬ ማለት ነው፣ 40 ልጅ ተመቻችቶ ይቀመጥበታል።

አካፋ ከመነሳቱ በፊት

መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ሲሚንቶ አይደለም፣ ስለ አስተማሪ ነው። ኬንያ ከነፃነት በኋላ፣ በፈረንጅ ከ1963 ወዲህ ማለት ነው፣ ሕዝቡ ሃራምቤ እያለ በራሱ ጉልበትና መዋጮ ስንትና ስንት ትምህርት ቤት ሠርቷል፣ ብዙዎቹ ላይ ግን ሕንፃው ቆሞ የሠለጠነ አስተማሪና መጻሕፍት ነው ያጠረው። ስለዚህ ክፍሉ ካለቀ አስተማሪ ማን ይመድባል፣ ደሞዙን ማን ይከፍላል የሚለውን ከሚመለከተው የትምህርት ቢሮ በጽሑፍ ያዙ። እግረ መንገዳችሁን የቢሮውን የክፍል ስታንዳርድ ጠይቁ፣ ብዙ አገር የተዘጋጀ ፕላን አለ፣ ከዛ ውጪ የሠራችሁት እንደሆነ በኋላ አልረከብም የሚል ይመጣባችኋል። የመሬቱም ወረቀት እንደዚሁ። ዛሬ በቃል የሰጡ ሽማግሌ ነገ ያልፋሉ፣ ልጆቻቸው መሬታችንን ቢሉ ምን ትላላችሁ?

ከዛ ሕዝቡ ምን ያዋጣል? እኛ ደቦ የምንለው፣ ሩዋንዳ ውስጥ ኡሙጋንዳ የሚባለው ጉልበት ትልቅ ሀብት ነው፣ ግን ዝም ብሎ ተሰብስቦ የሚመጣ ሕዝብ ሥራ አያፋጥንም፣ 80 ሰው መጥቶ 6 አካፋ ብቻ ካለ 74ቱ ሲያወራ ይውላል። በሰፈር ከፋፍላችሁ ቀን ስጧቸው፣ ድንጋይ ማጋዝ፣ መቆፈር፣ ውሃ መቅዳት፣ አፈር መንፋት ለደቦ ይሆናል። ግንባታው፣ ፌሮው እና ጣሪያው ግን በሚከፈለው ባለሙያ ይሁን፣ ከሱ ሥር አራት አምስት የመንደሩ ወጣት መድቡለት። ሌላው፣ ውሃ መቅዳቱ ሴቶቹ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ፣ አህያ ይቀጠር ወይ ጋሪ ይዘጋጅ። እርሻ በሚበዛበት ወር ሰው አታስቡ፣ አይመጣም፣ መምጣትም የለበትም።

ቦታ መምረጥ

ሜዳ ነው ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ፣ የተደላደለ ሜዳ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚተኛበት ነው። የመንደሩን ትልልቅ ሰዎች "በክረምት ውሃው የት ድረስ ይመጣል?" ብላችሁ ጠይቁና ቦታው ላይ ቆመው ያሳዩዋችሁ። ትንሽ ተዳፋት ያለው ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል። ጥቁር መረሬ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ይሄ አፈር ሲረጥብ ያብጣል ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። አማራጭ ከሌለ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ጥቁሩን ጠርጎ ማውጣትና በጠጠራማ አፈር እየጠቀጠቁ መሙላት ነው፣ ያ ደግሞ ብዙ ጉልበት ይበላል።

አቀማመጡ ረጅሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሁን፣ መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ደቡብ ያያሉ። እንዲህ ከሆነ የጠዋትም የማታም ፀሐይ በአጭሩ ግድግዳ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ልጆቹ ላይ አይደለም። ይቺን ነገር ረስተው መንገድ እንዲያምር ብለው ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞሩ ሰዎች አይቻለሁ፣ ከሰዓት ክፍሉ ምጣድ ነው።

ወቅቱን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ቆርቆሮው መመታት ያለበት ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከዛ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ለጣሪያ ሦስት ሳምንት፣ ለግድግዳና ለቢም ስድስት ሳምንት፣ ለፋውንዴሽን አራት፣ ብሎኬቱ ተመርቶ እስኪጠነክር ሁለት ወር (ፋውንዴሽኑ ሲሠራ ጎን ለጎን ይሄዳል)። መኪናው ወንዙን የሚሻገርበት ወር መቼ እንደሆነ ሹፌሮቹን ጠይቁ፣ እነሱ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሲሚንቶ ግን ቀድሞ አይጫን። አንድ ቦታ በርካሽ አገኘን ተብሎ ሦስት ወር ቀድሞ መጣ፣ አፈር ላይ ተደርድሮ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ልንጠቀምበት ስንፈታው ከታችና ከጥግ የነበረው ሁሉ ድንጋይ ሆኗል። ከመሬት 15 ሳንቲ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ አስቀምጡት፣ ቀድሞ የመጣው ቀድሞ ይውጣ።

አፈሩ (እዚ ላይ አትቸኩሉ)

ለግድግዳ የምመክረው በእጅ ማሽን የሚጨመቅ፣ ትንሽ ሲሚንቶ የገባበት የአፈር ብሎኬት ነው። ማሽኑ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሲንቫ ራም የሚባለው በፈረንጅ 1950ዎቹ ኮሎምቢያ ውስጥ የተሠራው ማሽን የብዙዎቹ አባት ነው፣ ዛሬ አፍሪካ ውስጥ የዚህ ዓይነት ማሽን የሚሠሩ ወርክሾፖች አሉ፣ መግዛት ካልፈለጋችሁ መከራየት ወይ መዋስም ይቻላል። እሳት የለውም፣ ስለዚህ እንደ ሸክላ ጡብ ዛፍ አይጨርስም።

አፈሩን ከላይ አትውሰዱ፣ የላዩ ሥርና ብስባሽ አለበት፣ ለእርሻ ይሆናል ለግድግዳ አይሆንም። እሱን ገፋችሁ ግማሽ ሜትር ያህል ውረዱ። ከዛ የጠርሙስ ፈተናውን ሥሩ፦ ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ውስጥ ሲሶ አፈር አድርጉ፣ ውሃ ሙሉበት፣ በደንብ ናጡትና አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፣ ደቃቁ ቀስ ብሎ፣ ጭቃው ደግሞ እስከ ነገ ይፈጃል። አብዛኛው አሸዋ ሆኖ ከላዩ ቀጭን ጭቃ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። የኩይሳ አፈርም ለግንባታ ይፈለጋል ግን ለብቻው ብዙ ጊዜ ጭቃው ይበዛል፣ አሸዋ ይደባለቅበት።

ሲሚንቶ ምን ያህል ይግባ የሚለውን በግምት አትወስኑ፣ የመኮማተር ፈተና አለ። ከጣውላ ርዝመቱ 60 ሳንቲ፣ ወርዱ 4 ጥልቀቱ 4 ሳንቲ የሆነ ሳጥን ሥሩ፣ ውስጡን ዘይት ቀቡት፣ እርጥብ አፈር ጠቅጥቃችሁ ሙሉትና ለሦስት አራት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ሲደርቅ ያጥራል። የተሰነጠቀ ካለ ሁሉንም ወደ አንድ ጫፍ ገፍታችሁ ክፍተቱን በማስመሪያ ለኩ። ከ15 ሚሊሜትር በታች ከሆነ 1 ሲሚንቶ ለ 18 አፈር፣ እስከ 30 ከሆነ 1 ለ 16፣ እስከ 45 ከሆነ 1 ለ 14፣ እስከ 60 ከሆነ 1 ለ 12። ከዛ ካለፈ አሸዋ ጨምራችሁ እንደገና ፈትኑ። ሬሾው በስፍር ነው፣ በአንድ ባልዲ ሁሉንም ስፈሩ፣ "በአካፋ እናውቀዋለን" የሚላችሁን አትስሙ፣ የጠዋት አካፋና የዘጠኝ ሰዓት አካፋ እኩል አይደለም።

ውሃው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ድብልቁ ጭቃ መሆን የለበትም፣ እርጥብ ብቻ። በእጃችሁ ጨብጣችሁ ኳስ አድርጉት፣ በደረታችሁ ልክ ሆኖ ጠንካራ መሬት ላይ ልቀቁት፣ አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው፣ ከተበተነ ውሃ ይጎድለዋል፣ ከተጠፈጠፈ በዝቶበታል። መጀመሪያ በደረቁ አፈርና ሲሚንቶ አንድ ዓይነት ከለር እስኪሆን ይታሽ፣ ከዛ ውሃ በማርከፍከፊያ። ከተለወሰ በ45 ደቂቃ ውስጥ መጨመቅ አለበት፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ለውሱ፣ ከምሳ በፊት የተለወሰ ከምሳ በኋላ አይሠራም።

29 በ 14 በ 9 ሳንቲ የሆነ ብሎኬት ከሆነ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ 100 ገደማ ይወጣል። ግድግዳችሁ 29 ሳንቲ ውፍረት እንዲኖረው ካደረጋችሁ ለአንድ ካሬ 66 ያህል ያስፈልጋል፣ በርና መስኮቱ ተቀንሶ ለሁለቱ ክፍል 9500 አካባቢ አስቡ፣ ከተሰባሪው ጋር። ሰባት ስምንት ሰው ያለበት አንድ ቡድን በቀን 400 ቢሠራ አንድ ወር ማለት ነው፣ 95 ከረጢት። "14 ሳንቲ ብናደርገው በግማሽ ያልቃል" የሚል ሰው ይመጣል፣ ይቻላል ግን በየሦስት ሜትሩ መደገፊያ ምሶሶ ይፈልጋል፣ ሙቀትም አይከላከልም፣ እኔ አልመክርም።

የወጣው ብሎኬት ጥላ ውስጥ ይደርደር፣ በላስቲክ ወይ በሣር ይሸፈን፣ ለሰባት ቀን በየቀኑ ውሃ ይርከፍከፍበት። ፀሐይ ላይ ቶሎ የደረቀ ብሎኬት ደህና ይመስላል እንጂ በጥፍር ይፋቃል። እስከ 28 ቀን ባይነካ ጥሩ ነው። ስትጨርሱ ከየቀኑ ምርት አንድ አንድ አውጥታችሁ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ ጠዋት ጠርዙ ከሟሟ የዛን ቀን ምርት ለግድግዳ አታውሉት።

ፋውንዴሽን

ልኩን ስታወጡ ሲባጎና ችካል ይበቃል። ለማዕዘኑ 3፣ 4፣ 5 ሜትር፦ በአንዱ ገመድ 3፣ በሌላው 4 ለኩ፣ በመሐላቸው ያለው ልክ 5 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ከዛ ሁለቱን ሰያፍ (ከማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን) ለኩ፣ የውጭው ልክ 16.87 በ 7.58 ሜትር ስለሚሆን ሁለቱም 18 ሜትር ከ49 ሳንቲ መምጣት አለባቸው፣ እኩል ካልመጡ እስኪመጡ ድረስ ማንም እንዳይቆፍር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፣ እዚች ጋ ግማሽ ቀን ብታጠፉ ቆርቆሮ ስትመቱ ታመሰግኑኛላችሁ።

ቁፋሮው ወርዱ 60 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ፣ ቢያንስ 60 ሳንቲ። ታችኛው በደረጃ እንጂ በተዳፋት አይሁን። ግርጌው ላይ ስስ ኮንክሪት፣ ከዛ በላይ የድንጋይ ግንብ 50 ሳንቲ ወርድ፣ ከመሬት በላይ ቢያንስ 40 ሳንቲ ይውጣ። ይቺ 40 ሳንቲ ናት የአፈር ግድግዳን የምታኖረው፣ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ መሬት መትቶ የሚረጨው ድንጋዩ ላይ እንዲያርፍ ነው። በግንቡ አናት ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፣ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይሳብ፣ ምስጥ ባለበት አገር ደግሞ የኮንክሪት ንብርብር ይኑርበት፣ ምስጡ በስንጥቅ እንዳይወጣ።

ወለሉ፦ 25 ሳንቲ ድንጋይ ደርድራችሁ ጠቅጥቁ፣ በላዩ 10 ሳንቲ ኮንክሪት በ 1 ለ 2 ለ 4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር)፣ ሁለቱ ክፍል 11 ሜትር ኩብ ያህል ይበላል፣ 75 ከረጢት አካባቢ። አሸዋው ንፁህ ይሁን፣ በእጅ ስታሹት እጃችሁን ካቆሸሸ ይታጠብ። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ለሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ ይልበስ። ውሃ እዛ ድረስ ተሸክመን ለወለል እናፈሳለን ወይ የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል፣ አፍስሱ።

ግድግዳ፣ መስኮትና ቢም

ግንበኛው አፈር ብሎኬት ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ ሦስት ነገር ንገሩት፦ ብሎኬቱ ከመቀመጡ በፊት ውሃ ይርከፍከፍበት፣ ሞርታሩ (ብሎኬቱን የሚያያይዘው ድብልቅ) ከዛው ከተነፋ አፈር ይሁንና ሲሚንቶው ትንሽ ይጨመር፣ በቀን ከአንድ ሜትር በላይ አይውጣ። ቱንቢው (ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት ጫፉ የከበደ ገመድ) ከእጁ አይለይ።

የመስኮት ስፋት ከወለሉ 20 በመቶ ያህል፣ ለአንድ ክፍል 11 ካሬ፣ በሁለቱም ረጅም ጎን እኩል ተከፍሎ፣ ነፋስ ገብቶ እንዲወጣ። መብራት በሌለበት መንደር መስኮት ማለት አምፖል ነው። መስታወት አታምጡ፣ መንገድ ላይ ይሰበራል፣ የላሜራ ወይ የእንጨት መዝጊያ ይበቃል። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ወርዱ ቢያንስ 90 ሳንቲ ይሁን፣ መግቢያው ላይ ደረጃ ብቻ ሳይሆን ራምፕም ይኑር፣ ለአንድ ሳንቲ ከፍታ 12 ሳንቲ ርዝመት። 40 ሳንቲ ከፍታ ካለ ወደ 5 ሜትር ይሆናል፣ ረዘመ ብላችሁ አታሳጥሩት፣ ዊልቸር ይዞ የሚመጣ ልጅ አለ።

ከበርና መስኮት አናት ላይ ሕንፃውን እንደ ቀበቶ ዙሪያውን የሚያስር ቢም ይኑር፣ መሐል ያለውንም ግድግዳ ጨምሮ። ቁመቱ 20 ሳንቲ፣ አራት ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ፣ በየ20 ሳንቲው ስታፋ (አራቱን አቅፎ የሚያስር ቀለበት)። ፌሮ ከፌሮ ሲቀጠል 60 ሳንቲ ይደራረብ፣ ማዕዘን ላይ ደግሞ አይቆረጥ፣ ታጥፎ ይዙር። ስምጥ ሸለቆ አካባቢ ወይም መሬት የሚንቀጠቀጥበት ከሆናችሁ ጣሪያው ሥር ሁለተኛ ቢም ጨምሩ። ቢሙ ሲፈስ የጣሪያው ማሰሪያ ፌሮ ከውስጡ ተተክሎ ይቅር፣ ይሄን የረሳ ሰው በኋላ ሽቦ ነው የሚጠመጥመው።

ጣሪያ

የገጠር ትምህርት ቤት ጣሪያ ሁለት ጠላት አለው፣ ነፋስና ሙቀት። ነፋሱ ጣሪያውን ወደ ታች አይጫነውም፣ ወደ ላይ ነው የሚያነሳው፣ ስለዚህ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ መያዝ አለበት፦ ቆርቆሮ ከሞራሌ (ቆርቆሮው ከሚመታበት እንጨት)፣ ሞራሌ ከትረስ (ጣሪያውን ከሚሸከመው ፍሬም)፣ ትረስ ከቢም፣ ቢም ከግድግዳ። አንዱ ላላ ማለት ጣሪያው ጎረቤት ማሳ ላይ ይገኛል። ሚስማሩ በቆርቆሮው እብጠት ላይ ይመታ እንጂ በቦዩ አይመታ፣ ከሥሩ ጎማ ይኑረው። የቆርቆሮ ጌጅ (የውፍረቱ ቁጥር) ላይ እንዳትታለሉ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል፣ 28 ከ 32 ይወፍራል። ልዩነቱ ለጭነት ብዙ አይደለም፣ ለዕድሜው ግን ብዙ ነው።

ለሙቀቱ ቡርኪና ፋሶ ያለውን የጋንዶ ትምህርት ቤት ማየት ነው። ፍራንሲስ ኬሬ በርሊን ተማሪ እያለ ገንዘብ አሰባስቦ ለተወለደበት መንደር የሠራው ነው፣ በፈረንጅ 2001 ተጠናቀቀ፣ እሱም በ2022 ፕሪትዝከር የሚባለውን የአርኪቴክቸር ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ግድግዳው ያው የአፈር ብሎኬት ነው፣ ብልሃቱ ያለው ጣሪያው ላይ ነው፦ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ተነስቶ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ በመሐል ነፋስ ያልፋል፣ በፀሐይ የጋለው ቆርቆሮ ልጆቹን አያገኛቸውም። የተሸከመው ብረትም ክሬን የሚፈልግ አይደለም፣ ቀጫጭን ፌሮ በእጅ መጋዝ ተቆርጦ በትንሽ ብየዳ ማሽን የተሠራ ነው። የሱን ያህል ባትሄዱም፣ ኮርኒስ አድርጉ፣ ቀርከሃም ሰሌንም ይሆናል፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሐል በሁለቱም ጎን ክፍት ተዉ፣ የሌሊት ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ አስተማሪው ቢጮህም አይሰማም።

እንጨት ከሆነ ምስጥ ያልበላው፣ በደንብ የደረቀ፣ መድኃኒት የተቀባ። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳ 80 ሳንቲ ይውጣ። አሸንዳ አድርጉለትና ታንከር ሥር አስገቡት፣ የዚህ ሕንፃ ጣሪያ 170 ካሬ ያህል ስለሚሆን አንድ 10 ሚሊሜትር ዝናብ ብቻ ከ1300 ሊትር በላይ ይሰጣል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ።

የቀሩት

ጥቁር ሰሌዳው ለብቻው አይገዛ፣ ግድግዳው ላይ በደንብ የለሰለሰ የሲሚንቶ ልስን አድርጋችሁ ጥቁር ቀለም ቀቡት፣ የታችኛው ጠርዝ ከወለል 80 ሳንቲ ይሁን፣ የአንደኛ ክፍል ልጅ እንዲደርስበት። መስኮት ከሰሌዳው አጠገብ አታድርጉ፣ ያንፀባርቃል።

ሽንት ቤት ሳይኖር ክፍሉ አይከፈት። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ ለ25 ሴት ልጅ አንድ፣ ለ50 ወንድ አንድ እና የወንዶች መሽኛ ነው። የሴቶቹ ለብቻው፣ ራቅ ብሎ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መታጠቢያ ውሃ ያለበት ይሁን፣ ብዙ ልጃገረድ ከትምህርት የምትቀረው በዚ ነው። ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከተቻለ ከጉድጓዱ በታችኛው ተዳፋት በኩል።

በሕንፃው ዙሪያ አንድ ሜትር የሚሆን ማርቻፔዲ (የእግር መሄጃ ንጣፍ) አድርጉ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ ከሱ ቀጥሎ የውሃ ቦይ። ከርክክቡ ጋር ትርፍ 200 ብሎኬት፣ ሁለት ቆርቆሮ፣ አንድ ፓኬት የቆርቆሮ ሚስማርና ቁልፍ ያለው ሳጥን ለትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ስጡ፣ ማን እንደሚይዘውም ስሙ ይጻፍ።

ባለሙያውን የመጨረሻ ክፍያውን ሳትሰጡ አንድ ከባድ ዝናብ ጠብቁ። ሲዘንብ ክፍሉ ውስጥ ግቡ፣ ጠብታ ባያችሁበት ሁሉ ኮርኒሱ ላይ በእርሳስ አክብቡ፣ ከዛ ወጥታችሁ ውሃው በቦዩ እየሄደ እንደሆነና ግድግዳው የቱ ጋ እንደረጠበ እዩ። ዝናቡ ሲያባራ ባለሙያው መሰላሉን ይዞ ክቦቹን እየተከተለ ይውጣ።